ዓይን ሲደክም ስክሪኑን እንዴት እናስተካክል? ከመብራቱ እስከ ድምፁ፣ ደረጃ በደረጃ

እይታቸው የቀነሰ ሰዎች ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጡ ሁሉም ማለት ይቻላል አንድ ነገር ያደርጋሉ። ወደ ስክሪኑ ያጎነብሳሉ። አፍንጫቸው ስክሪኑን ሊነካ ምንም አይቀረውም። ግንባራቸው ይኮማተራል፣ ትከሻቸው ወደ ጆሯቸው ይወጣል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንገታቸውን እያሹ ይነሳሉ። ከዚያ «ይሄ ኮምፒውተር ዓይኔን ጨረሰው» ይላሉ።

ስክሪን ዓይንን አይጨርስም። የተጎዳ ዓይን በማንበብ አያልቅም፤ ባለማንበብም አይድንም። የሚጎዳው አንገትና ጀርባ ነው። ዓይን ይደርቃል፣ ይቆጠቁጣል፣ ራስ ያማል። እነዚህ ሁሉ ደግሞ የሚስተካከሉ ናቸው። አብዛኛው ማስተካከያም ገንዘብ አይጠይቅም፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ድሮም ነበረ።

ይህን የምጽፈው መነጽር አድርገውም፣ ታክመውም በደንብ ለማያዩ፣ ግን በቀረቻቸው እይታ መሥራትና ማንበብ ለሚፈልጉ ነው። ደሴ ቢሮ ተቀምጦ ደብዳቤ ለሚጽፍ፣ ወልዲያ ለሚማር፣ ሐይቅ ሆኖ ውጭ አገር ካለች ልጁ ጋር ለሚጻጻፍ አባት። አጠገባቸው ሆኖ የሚያግዝ ሰውም ይጠቀምበታል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ዋናው ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ መብራት፣ ቀጥሎ ርቀት፣ ከዚያ የፊደል መጠን፣ ከዚያ ቀለም፣ በመጨረሻ ድምፅ። ብዙ ሰው ግን ፊደል ከማጉላት ይጀምራል። ከመስኮት የሚመጣ ነጸብራቅ ያደበዘዘውን ጽሑፍ በማጉላት ሊያካክስ ይሞክራል። ፊደሉ ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ ስክሪኑ ላይ ግን አራት ቃል ብቻ ይቀራል። መጋረጃው ቢሳብ ኖሮ የዚያ ግማሽ ይበቃ ነበር። ሌላው ደግሞ ሁሉንም በአንድ ቀን አይቀያይሩ። አንዱን ይቀይሩ፣ ሁለት ሦስት ቀን ይሥሩበት፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይሂዱ። አለዚያ የጠቀመዎትና ያልጠቀመዎት አይለይም።

ከሁሉ በፊት የበሽታውን ስም ይወቁ

ከረጅም ጊዜ ወዲህ ካልተመረመሩ መጀመሪያ ይመርመሩ። በደቡብ ወሎ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ክፍል አለው፤ ከደሴ ሩቅ አይደለም። ከበድ ያለ ጉዳይ ከሆነ ወደ ጎንደር ወይም ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ሊጻፍልዎ ይችላል። ስክሪን ላይ ሲታገሉ የከረሙ ሰዎች ችግራቸው የመነጽር ቁጥር መቀየር ብቻ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የዓይን ሞራም በኦፕራሲዮን ይነሳል።

ሲመረመሩ «መድኃኒቱ ስንት ጊዜ ይወሰዳል?» ብቻ ብለው አይውጡ። «የበሽታዬ ስም ምንድን ነው? የጠፋብኝ የመሐሉ እይታ ነው ወይስ የዳሩ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱን ያስጽፉ። ከታች የማነሳቸው ማስተካከያዎች እንደ በሽታው ይለያያሉና።

በጥቅሉ እንዲህ ነው። በእኛ አካባቢ ትራኮማ፣ በተለምዶ የዓይን ማዝ የሚባለው፣ ለብዙ ዘመን ሰው ጎድቷል። ወደ ውስጥ የታጠፈ ሽፋሽፍት የዓይንን መስታወት እየፋቀ ጠባሳ ይተዋል። ጠባሳው ብርሃንን ይበትናል። የዓይን ሞራም እንዲሁ ነው። እንዲህ ያለ ሰው «ብርሃን ይወጋኛል» ይላል። ግላኮማ ግን የዳሩን እይታ ነው የሚበላው፤ ሰውየው በጠባብ ቀዳዳ የሚያይ ያህል ይሆናል። የሬቲና፣ ማለትም ከዓይን ጀርባ ብርሃን የሚቀበለው ሽፋን፣ መሐሉ ሲጎዳ ደግሞ በተቃራኒው የሚያዩት ነገር መሐሉ ይጠፋል፤ የሰው ፊት፣ የሚያነቡት ፊደል። ስኳር ያለበት ሰው እይታው ከቀን ቀን ሊለዋወጥ ይችላል።

እይታ በድንገት ከቀነሰ፣ ብልጭ ብልጭ የሚል ብርሃን ከታየ፣ መጋረጃ የወረደ ከመሰለ፣ ወይም ዓይን ቀልቶ ክፉኛ ካመመ ይህን መመሪያ ይተዉት። በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ። ቅጠል ጨምቆ ዓይን ውስጥ ማንጠብጠብም እባክዎ ይቅር። የተረፈውን የሚያጠፋው እሱ ነው።

መጀመሪያ መብራቱ

ቀላል ፈተና አለ። ስክሪኑን ያጥፉና ሁልጊዜ በሚቀመጡበት ቦታ ይቀመጡ። ጥቁሩን ስክሪን ይመልከቱ። መስኮቱ ይታይዎታል? አምፖሉ? የለበሱት ነጭ ሸሚዝ? በጥቁሩ ላይ የታየዎት ሁሉ ስክሪኑ ሲበራም እዚያው ነው። ፊደሎቹን የሚሸፍንብዎ እሱ ነው። እርስዎ ካላዩት ሌላ ሰው እርስዎ ቦታ ተቀምጦ ይይልዎት።

መስኮት ከጀርባዎ ከሆነ ስክሪኑ ላይ ያንጸባርቃል። ከፊት ለፊትዎ ከሆነ ደግሞ ቀጥታ ዓይን ውስጥ ይገባል። ጠረጴዛውን ያዙሩትና መስኮቱ በጎንዎ ይሁን፣ በግራ ወይም በቀኝ። ከጠረጴዛ የከበደ ሥራ አይደለም፤ ሁለት ሰው ይበቃል። ኮምቦልቻ የምትሠራ አንዲት ጸሐፊ አውቃለሁ። ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ራሷን ያማት ነበር። ከመንገዱ ማዶ አዲስ የለበሰ የቆርቆሮ ጣሪያ አለ፤ ፀሐይ ሲያዘነብል ጣሪያው ብርሃኑን በመስኮቷ ይልክባታል። ጠረጴዛዋ ሩብ ዙር ዞረ፣ ወፍራም መጋረጃ ተሰቀለ። ራስ ምታቱ ቀረ። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ መነጽር ቀይራለች።

ደሴ ላይ ሌላ ፈተና አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። በክረምት ጠዋት ጉም ይወርድና ክፍሉ ይጨልማል። ረፋዱ ላይ ጉሙ ሲገፈፍ ያው ክፍል ዓይን የሚያጭበረብር ይሆናል። ስለዚህ የማይንቀሳቀስ መጋረጃ አይጠቅምም። ሲያሻዎ የሚስቡት፣ ሲያሻዎ የሚገልጡት ይሁን። ስስ ነጭ መጋረጃ ብቻውን ብርሃኑን ይበትነዋል እንጂ አያቆመውም፤ ከላዩ አንድ ወፍራም ይጨምሩበት።

ክፍሉን ጨርሶ ማጨለምም ልክ አይደለም። በጨለማ ክፍል ውስጥ አንድ ደማቅ ስክሪን ከቀን ብርሃን ይልቅ ዓይን ይወጋል። ራቁቱን የተንጠለጠለ አምፖል በእይታዎ ውስጥ አይግባ። የጠረጴዛ መብራት ካለዎት በጎን በኩል አድርገው ወረቀቱ ላይ ያብሩት፤ ስክሪኑ ላይ አይብራ።

አሁን የስክሪኑን ድምቀት ያስተካክሉ። ነጭ ገጽ ይክፈቱ። ነጭ ወረቀት ከስክሪኑ ጎን ይያዙ። ስክሪኑ እንደ መብራት ከበራ በዝቷል። ግራጫ ከመሰለ አንሷል። ሁለቱ ሲቀራረቡ መነሻዎን አገኙ። ዓይንዎን ብርሃን የሚወጋው ከሆነ ከዚያ ትንሽ ዝቅ፣ ብርሃን ሲጨመርለት የሚሻለው ከሆነ ከዚያ ትንሽ ከፍ ያድርጉ።

ላፕቶፕ ካለዎት አንድ ነገር ልብ ይበሉ። መብራት ጠፍቶ በባትሪ ሲሠራ፣ ባትሪው ሲያንስ ዊንዶውስ ስክሪኑን ራሱ ያደበዝዘዋል። ብዙ ሰው «ዛሬ ዓይኔ ባሰብኝ» ብሎ የሚደነግጠው በዚህ ነው። ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ፓወር ኤንድ ባትሪ ውስጥ ገብተው ባትሪ ሴቨር (በአዲሶቹ ዊንዶውስ ኢነርጂ ሴቨር ይባላል) ድምቀት የሚቀንስበትን ምርጫ ያጥፉት።

ርቀቱ፦ ስክሪኑ ወደ እርስዎ ይምጣ

ርቀትን በግማሽ መቀነስ ፊደሉን እጥፍ ያደርገዋል። 60 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለ ስክሪን 30 ላይ ሲመጣ ያለ ምንም ሶፍትዌር ሁለት እጥፍ ሆኖ ይታያል። ቀርቦ ማየት ዓይን አይጎዳም። «ራቅ በል፣ ዓይንህ ይጠፋል» እየተባለ ያደገ ልጅ ብዙ ነው። ማየት የሚችለው ቀርቦ ከሆነ ይቅረብ። የሚጎዳው ለመቅረብ ብሎ መጉበጡ ነው።

ስለዚህ ጀርባዎን ወንበሩ ላይ ያስደግፉ። እግርዎ መሬት ይርገጥ። እንደዚያው ሆነው ስክሪኑን ወደ ራስዎ ይሳቡት፣ ኪቦርዱ ከስክሪኑ ስር እስኪገባ ድረስም ቢሆን። ስክሪኑ ዝቅ ካለ ከስሩ ጠንካራ ሳጥን ወይም ወፍራም መጽሐፍ ያድርጉበት። እንዳይወዛወዝ ግን ይፈትሹ። የሞኒተር ክንድ የሚባል ብረት አለ፤ ጠረጴዛ ላይ ታስሮ ስክሪኑን እንደፈለጉ ያስጠጋል። ከመግዛትዎ በፊት ስክሪኑን ገልብጠው ከጀርባው አራት የብሎን ቀዳዳ እንዳለው ይዩ። በቀዳዳዎቹ መካከል ያለው ርቀት አብዛኛውን ጊዜ 75 ወይም 100 ሚሊ ሜትር ነው። ጎበዝ ብረት ሠራተኛ ያንን ልኬት ከሰጡት ይሠራልዎታል።

ላፕቶፕ በባሕርይው ለዚህ አይመችም። ስክሪኑን ካስጠጉ ኪቦርዱ ሆድዎ ውስጥ ይገባል። ርካሽ የዩኤስቢ ኪቦርድ ገዝተው ላፕቶፑን ከፍ አድርገው ያስቀምጡት። ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን ካለ ደግሞ በኤችዲኤምአይ ገመድ ማገናኘት ይቻላል። ቴሌቪዥኑ ግን ግድግዳ ላይ ርቆ የተሰቀለ ከሆነ ትልቅነቱ ብዙም አይረዳም። ትልቅ ስክሪን የሚጠቅመው ሲቀርብ ነው።

ዕድሜያቸው ከ40 ያለፈ ሰዎች ሲቀርቡ ሊደበዝዝባቸው ይችላል። የቅርብ መነጽር ያስፈልጋቸዋል። መነጽር ሲያሠሩ ስክሪኑ የሚቀመጥበትን ርቀት በሜትር ለክተው ለባለሙያው ይንገሩት፤ «ለማንበብ» ብቻ ካሉት ለመጽሐፍ የሚሆን ይሰጥዎታል። ባለ ሁለት ክፍል መነጽር የሚያደርጉ ከሆነ በታችኛው ክፍል ለማየት አገጭዎን ወደ ላይ ያነሳሉ። አንገት የሚያመው ያኔ ነው። ለእርስዎ ስክሪኑ ዝቅ ይበል እንጂ ከፍ አይበል።

ሰማያዊ ብርሃን ይከላከላል ተብሎ የሚሸጠው መነጽር የዓይን ድካምን አይቀንስም። ያንን ገንዘብ ለመጋረጃ ያውሉት።

መጠኑ፦ የእኛ ፊደል ትልቅ ይፈልጋል

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ለእንግሊዝኛ የሚበቃ መጠን ለአማርኛ አይበቃም። የእኛ ፊደል ልዩነቱ ትናንሽ ጭረት ላይ ነው። «ቡ» ላይ ጭረቷ ወገቡ ላይ ናት፣ «ቢ» ላይ እግሩ ላይ። «ቤ» ላይ እዚያው እግሩ ላይ ቀለበት ትሆናለች። «ነ» እና «ኘ»፣ «ደ» እና «ጀ»፣ «ተ» እና «ቸ» የሚለያዩት አናታቸው ላይ ባለች ሰረዝ ነው። ያቺ ጭረት ስትጠፋ ፊደሉ ይቀየራል።

ሐይቅ የሚኖሩ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ላፕቶፕ ሳስተካክል ይህ ግልጽ ሆኖ ታየኝ። ዜና ከፍቼላቸው «ጋሼ፣ ይነበባል?» አልኳቸው። «ምን ችግር አለው፣ ይነበባል እንጂ» ብለው አነበቡልኝ። ቀስ ብለው፣ ግን ሳይሳሳቱ። ከዚያ በዚያው መጠን ለብቻዋ አንዲት ፊደል ጻፍኩ። «ይቺስ?»

«ቡ።»

«ቢ ናት ጋሼ።»

ዝም አሉ። ከዚያ «ይኸውልህ ልጄ፣ እኔ እኮ ከቃሉ ገምቼ ነው የማነበው» አሉኝ። መጠኑን ከፍ እያደረግኩ ሄድኩ። በመጨረሻ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ እያስኬዱ «ቢ፣ ቡ፣ ቤ፣ ነ፣ ኘ» አሉ፣ አንድም ሳይስቱ። ሲገምቱ መዋል ነበር ያደከማቸው። የሰው ስም፣ የሒሳብ ቁጥር፣ የመድኃኒት ትእዛዝ ደግሞ አይገመትም።

ስለዚህ ራስዎን በዓረፍተ ነገር አይፈትኑ። በነጠላ ፊደል ይፈትኑ። ዎርድ ይክፈቱና ዙሙ 100 ላይ ይሁን። ሌላ ሰው እነዚህን ፊደላት አዘበራርቆ ይጻፍልዎ፦ ቡ፣ ቢ፣ ቤ፣ ነ፣ ኘ፣ ደ፣ ጀ፣ ሰ፣ ሸ፣ ጠ፣ ጨ። ከመጠን 10 ይጀምሩ። በተለመደው ርቀትዎ ተቀምጠው ያንብቡ። አንድም ወደማይስቱበት መጠን እስኪደርሱ ድረስ ከፍ ያድርጉ። እሱ ድንበርዎ ነው። ድንበር ላይ ግን አይሠራም። ያንን ቁጥር በሁለት ያባዙት። 14 ላይ ሁሉንም ከለዩ 28 ላይ ይሥሩ። ሳይጨነቁ ለመዋል ቢያንስ እጥፍ ያስፈልጋል። ሁለት እጥፉም ካልተመቸዎት ሦስት ያድርጉት።

የፊደሉ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። ዊንዶውስ ላይ የቆየው ኒያላ ቀጭንና ወፍራም ጭረት የሚቀላቅል ነው፤ ቀጫጭኑ መጀመሪያ ይጠፋል። ኢብሪማ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ጭረታቸው እኩል ነው። እኔ ለደከመ ዓይን እነዚህን እመርጣለሁ።

አሁን ወደ ዊንዶውስ እንሂድ። የዊንዶውስን ቁልፍ ይዘው የላቲኑን «ዩ» ይጫኑ። አክሰሰቢሊቲ የሚለው ገጽ ይከፈታል። ዊንዶውስ 10 ላይ ስሙ ኢዝ ኦፍ አክሰስ ነው። ቴክስት ሳይዝ የሚለው ውስጥ ከ100 እስከ 225 በመቶ የሚሄድ መጎተቻ አለ። ይጎትቱ፣ አፕላይ ይበሉ። ይህ ጽሑፉን ብቻ ያጎላል። ምስሉንም፣ ቁልፉንም፣ ሁሉንም ለማጉላት ደግሞ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ ስኬል ውስጥ ገብተው 125 ወይም 150 ያድርጉ። በትንሽ ላፕቶፕ ላይ ስኬሉን በጣም ካበዙት «ኦኬ» የሚለው ቁልፍ ከስክሪኑ ውጭ ሊቀር ይችላል። እኔ ስኬሉን መካከለኛ አድርጌ ቴክስት ሳይዙን ነው ከፍ የማደርገው።

ጥራቱን ማለትም ሬዞሉሽኑን በመቀነስ ለማጉላት አይሞክሩ። ኮምፒውተር ቤት ብዙ ጊዜ የሚያደርጉልዎት ይህንን ነው። ፊደሉ ይተልቃል፣ ግን ጠርዙ ይደበዝዛል። የደበዘዘ ፊደል ለደበዘዘ ዓይን አይሰጥም። «ሪኮመንድድ» የሚለው ላይ ይተዉት።

ቢሮ የሚሠሩ ሰዎች አንድ ስጋት አላቸው። «አጉልቼ ከጻፍኩ ደብዳቤው ተልቆ ይታተማል» ይላሉ። አይታተምም። ፊደሉን 12 ላይ ይተዉትና ዙሙን 200 ወይም 300 ያድርጉት። ዙም የሚነካው ስክሪኑን ብቻ ነው። መስመሩ ከስክሪን ውጭ እየወጣ ካስቸገረዎት ቪው ውስጥ ዌብ ሌይአውት የሚለውን ይምረጡ። ጽሑፉ በስክሪኑ ስፋት ልክ ይታጠፋል፤ ወደ ግራና ቀኝ መጎተት ይቀራል። ኢንተርኔት ላይ ኮንትሮልን ይዘው + መጫን ነው። ለመመለስ ኮንትሮልና 0።

ይህ ሁሉ ካልበቃ ማግኒፋየር የሚባል የዊንዶውስ ማጉያ አለ። የዊንዶውስ ቁልፍና + ሲጫኑ ስክሪኑ በሙሉ ይጎላል። የዊንዶውስ ቁልፍና - ይቀንሰዋል። የዊንዶውስ ቁልፍና ኢስኬፕ ያጠፋዋል። መጀመሪያ ሲከፍቱት አንዴ ሲጫኑ እጥፍ ስለሚዘል ያስደነግጣል። ሴቲንጉ ውስጥ ገብተው ዙሙ በ25 ወይም በ50 በመቶ እንዲጨምር ያድርጉት። ማግኒፋየር ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ቁራጭ ብቻ ነው የሚያሳይዎት። «ይህ ፋይል ይጥፋ?» የሚል ጥያቄ በሌላኛው ጥግ መጥቶ ላያዩት ይችላሉ። ኮምፒውተሩ አልታዘዝ ካለዎ በፍጥነት አይጫኑ፤ አሳንሰው ሙሉውን ስክሪን ይዩ።

ግላኮማ ላለበት፣ እይታው ለጠበበ ሰው ግን ማስጠንቀቂያ አለኝ። ለእርስዎ ትልቅ ሁሉ ጥሩ አይደለም። ፊደል ሲገዝፍ በጠባቡ እይታ ውስጥ አንድ ቃል እንኳ አይገባም። በደንብ የሚለዩትን ትንሹን መጠን ይያዙና ጥራቱን በቀለምና በብርሃን ያሳድጉ።

ቀለሙ

ብርሃን የሚወጋው ዓይን፣ ጠባሳ ወይም ሞራ ያለበት፣ ነጭ ገጽ ላይ ሲያፈጥ መላው ስክሪን ብርሃን ይረጭበታል። ለእሱ ጥቁር መደብ ላይ ነጭ ወይም ቢጫ ጽሑፍ ይሻለዋል። ብዙዎች ቢጫውን ይወዳሉ። ሌላው ዓይን ደግሞ ነጭ ላይ ጥቁር ካልሆነ አያነብም። ሁለቱንም አምስት አምስት ደቂቃ አንብበው የቱ ላይ ግንባርዎ እንደማይኮማተር ይዩ።

በግራ በኩል ያሉትን ኦልትና ሺፍት ይዘው ፕሪንት ስክሪን የሚለውን ቢጫኑ ዊንዶውስ ወደ ከፍተኛ ንጽጽር፣ ማለትም ጽሑፉና መደቡ በጣም ወደሚለያዩበት ቀለም፣ ይቀየራል። በዚያው ይመለሳል። ማግኒፋየር ተከፍቶ ከሆነ ኮንትሮል፣ ኦልትና የላቲኑ «አይ» ቀለሙን ይገለብጠዋል። ፎቶ ሲመለከቱ መልሰው ያዙሩት፤ ካልሆነ የሰው ፊት እንደ ድሮ የፎቶ ነጋቲቭ ነው የሚታየው።

የመዳፊቱን ቀስት አይርሱ። ቀስቱ የት ጠፋ እያሉ መፈለግ ብዙ ጊዜ ይበላል። አክሰሰቢሊቲ ውስጥ ማውስ ፖይንተር የሚለው ጋ መጠኑ ከ1 እስከ 15 ይሄዳል፣ ቀለሙም ይመረጣል። ደማቅ ቢጫ ወይም ሮዝ ይሞክሩ። እዚያው አካባቢ ቴክስት ከርሰር አለ። የምትርገበገበዋን መስመር ያወፍራታል፣ ጫፏ ላይም ባለ ቀለም ምልክት ያደርግባታል።

ድምፁ

ጆሮን መጠቀም ሽንፈት የሚመስላቸው አሉ። አይደለም። አጭሩን በዓይን፣ ረጅሙን በጆሮ ማድረግ ዓይን ለሚያስፈልግበት ሥራ እንዲተርፍ ያደርጋል።

በጣም ቀላሉ መንገድ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው የኢንተርኔት መክፈቻ፣ ኤጅ ብሮውዘር ነው። የአማርኛ ጽሑፍ ከፍተው ኮንትሮል፣ ሺፍትና የላቲኑን «ዩ» ይጫኑ። ማንበብ ይጀምራል። ቮይስ ኦፕሽን ውስጥ አምሃና መቅደስ የሚባሉ ሁለት የአማርኛ ድምፆች አሉ፤ አንዱ የወንድ፣ አንዱ የሴት። ንባባቸው ጥሩ ነው። ኢንተርኔት ግን ይፈልጋሉ። ፍጥነቱን መጀመሪያ ዝቅ አድርገው ጆሮዎ ሲለምድ ይጨምሩ።

እይታቸው በጣም ለቀነሰ ኤንቪዲኤ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ ያነባል፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ አማርኛ ያነባል። ድምፁ የማሽን ነው፤ ጆሮ እስኪለምደው ጊዜ ይወስዳል። እይታቸው እየቀነሰ የሚሄድ ሰዎች ገና ሲያዩ ቢለማመዱት እመክራለሁ። በኋላ በጭንቀት ከመማር ይሻላል።

አንድ እንቅፋት ልንገርዎ። በድሮዎቹ የግዕዝ ሶፍትዌሮች የተጻፉ፣ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ፊደልን የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት) ያልሆኑ ሰነዶች ለዓይን አማርኛ ይመስላሉ፤ ለፕሮግራሙ ግን የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ናቸው። ስካን የተደረገ ደብዳቤም ለእሱ ፎቶ ነው። ስለዚህ ሰነድ የሚልክልዎትን ሰው «በዩኒኮድ ጽፈህ ዎርዱን ላክልኝ» ይበሉት። የቢሮ ኃላፊዎችም ይህን ልብ ቢሉ ብዙ ሰው ከጥገኝነት ይወጣል።

ጠረጴዛውና ዙሪያው

ሲያፈጡ ዓይን መርገብገብ ይረሳል። ለዚህ ነው የሚደርቀው። በየ20 ደቂቃው 20 ሰከንድ ያህል 6 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ርቀት ወዳለ ነገር ይመልከቱ፣ ሆን ብለው ያርገብግቡ። ደሴ ከሆኑ የጦሳ ተራራ ፊት ለፊትዎ ነው። ጥርት ብሎ ባይታይዎትም ግድ የለም፤ ዓላማው ማሳረፍ ነው። ባቲን በመሰለ ሞቃት ቦታ ቬንትሌተሩ ፊትዎ ላይ አይንፋ። ቡና የሚፈላበት ክፍል ውስጥ ኮምፒውተር ካለ ደግሞ የከሰሉና የዕጣኑ ጭስ ዓይን ይቆጠቁጣል። ለቡናው ተነሥተው ወደዚያ ይሂዱ። ዕረፍትም ይሆንዎታል።

የኤሌክትሪክ ገመድ መተላለፊያ ላይ አይዘርጋ። ዓይኑ የደከመ ሰው የሚወድቀው ቀለሙ ከመሬቱ በማይለይ ገመድ ነው። በግድግዳው ጥግ ያሳልፉትና በፕላስተር ይለጥፉት። ማከፋፈያው ጠረጴዛ ላይ ይውጣ፤ ጎንበስ ብሎ ሶኬት በዳበሳ መፈለግ አደጋ ነው። ውሃና ሻይ ሁልጊዜ በአንድ ጎን ይቀመጡ፣ ከኪቦርዱ ራቅ ብለው። ጠረጴዛው ጥቁር ከሆነ ስኒው ነጭ ይሁን። ኪቦርዱ ላይ «ኤፍ» እና «ጄ» የሚሉት ቁልፎች ላይ በጣት የሚዳሰስ እብጠት አለ። አመልካች ጣቶችን እዚያ ማሳረፍ የለመደ ሰው ኪቦርድ ማየት አያስፈልገውም። ፊደላቸው በትልቁ የተጻፈ ተለጣፊዎችም አሉ።

ያጎሉት ስክሪን ከጀርባዎ ላለውም ይጎላል። ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ የባንክ ሒሳብ ሲከፍቱ ግድግዳ ከጀርባዎ አድርገው ይቀመጡ። እዚያ ኮምፒውተር ላይ ሴቲንግ መቀያየር ካልፈለጉ የዊንዶውስ ቁልፍና + ይበቃል፤ ሲጨርሱ በኢስኬፕ ይዘጉታል።

ተቀጣሪ ከሆኑ ደግሞ መብት አለዎት። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ለሥራው የሚያስፈልገውን ምቹ ሁኔታ እንዲያመቻች ያስገድዳል። ትልቅ ስክሪን ወይም የጠረጴዛ ቦታ መቀየር ሲጠይቁ በጽሑፍ ይጠይቁ፣ የሐኪሙን ወረቀትም አያይዙ።

በመጨረሻ ያገኙትን ሁሉ በወፍራም ማርከር ነጭ ወረቀት ላይ ይጻፉት። የድምቀቱን መጠን፣ ርቀቱን በሴንቲ ሜትር፣ ስኬሉን፣ ቴክስት ሳይዙን፣ የመረጡትን ቀለም፣ የቀስቱን ቁጥር። ጠረጴዛዎ አጠገብ ይለጥፉት። ኮምፒውተሩ ፎርማት ሲደረግ ሁሉም ይጠፋል፤ የሚሠራልዎ ልጅም ወረቀቱን እያየ በደቂቃዎች ይመልሰዋል። ከዓይን ሞራ ኦፕራሲዮን በኋላ ወይም አዲስ መነጽር ሲያደርጉ ግን ያንን ወረቀት ይንቀሉት። ትናንት የተመቸዎት ድምቀት ይበዛል፣ ፊደሉም ሳያስፈልግ ይገዝፍብዎታል። እንደገና ከመጋረጃው ይጀምሩ።